በዲጋው ሠርግ የተሳሳትኩት ምርቃት

ጫልቱዬ፣ የልጄ እናት፤

ያለሽበት ሰላም እንደማይጎድለው ባውቅም፣ እንደምን አለሽ? ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ነቀምቴ ደህና ናት። ቤታችንም ደህና ነው፤ የሚያፈሰውን የኩሽና ጣሪያ አስቀይሬዋለሁ። አይጸድቅም ብዬ የተከራከርኩሽ አቮካዶም ዘንድሮ አፍርቶ ለጎረቤት ተርፏል። ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። ልጃችንን ሲፈንን ዳርናት።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መጸለይ አቁሜ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ አፌ ግን አይከፈትም። ታውቂያለሽ፣ ከጎጃም የመጣው አባቴ ስለ እግዚአብሔር ሲያወራ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ እኔም ያንን ፍርሃት ወረስኩ። አንቺ ደግሞ ልብስ እያሰጣሽ በኦሮምኛ ታዋሪው ነበር፤ አንዳንዴም መሃል ላይ ትስቂያለሽ። እንዲህ ይጸለያል ወይ ብዬ ስቆጣ፣ «እሱ እኮ ቀበሌ አይደለም፣ ሰልፍ የለውም» ያልሽኝ ትዝ ይለኛል። ስትሞቺብኝ የተፈረደብኝ መሰለኝ። ከፈረደብኝ ጋር ምን ልነጋገር?

ሠርጉ ዲጋ፣ ሙሽራው ቤት ነበር። ልጁ አስተማሪ ነው፤ ብታዪው ትወጂዋለሽ። ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተነስተው የሙሽራዋ አባት ይመርቅ አሉ። ያንቺም የእኔም ዘመዶች እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ሲፈን ቀና ብላ አየችኝ፤ መጸለይ እንዳቆምኩ ታውቅ ስለነበር ፈርታልኛለች። እምቢ ብል ልጄ ያለ አባት ምርቃት ጎጆ ልትወጣ ነው። በአማርኛ ልጀምር አስቤ አፌን ስከፍት የመጣልኝ ያንቺ ቃል ሆነ። «ዋቃዮ ና ሃ ኤቢሱ» አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ ያልኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ይባርከኝ ነው ያልኩት። እናትሽ፣ ሃርሜ፣ ከፊት ተቀምጠው በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ሁሉንም ለራስህ አትውሰደው፣ ለልጆቹም ትንሽ አስተርፍላቸው» አሉ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሲፈን ሳቋ አላስቆም ብሏት ባሏን ተደገፈች። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። እየሳቅኩ አስተካከልኩትና በሁለቱም ቋንቋ፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ መረቅኳቸው። ያኔ ነው የገባኝ። የሚሰማኝ አልተቆጣም። ያን ሁሉ ጊዜ ይፈርድብኛል ስል አብሮኝ ሲያዝን ኖሯል፤ ያን ቀን ደግሞ አብሮኝ ሳቀ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስከፍት አዋራዋለሁ። ለምን እንደወሰደሽ ዛሬም አላውቅም። ሳላውቅ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ሰላም ማለት ይኸው ይመስለኛል።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ሃርሜ ዘንድ ጎራ እላለሁ። ኦሮምኛዬን እያረሙ የልጅነትሽን ይነግሩኛል፤ ዛፍ ላይ ወጥተሽ አልወርድም ያልሽውን፣ ዝማሬ ላይ ከሁሉም ቀድመሽ የምትጀምሪውን። ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ኖሬ ያልሰማሁት ስንት ነገር አለ። አልረሳሽም፣ ጫልቱዬ። የማውቀውን ይዤ፣ ገና ያልሰማሁትንም እየጨመርኩ አስታውስሻለሁ።

ባልሽ ታደሰ