ሣጥኑ ያልዋጣቸው የአባባ አርእስቶች

ሰኞ፣ የካቲት 3

እኔ፣ በሙሉ አእምሮዬና በሙሉ ጤንነቴ ሳለሁ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ "አልቋል" ብያለሁ። አላለቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአያቴ የአባባ ኮምፒውተር ሊሞት ነው። ሲነሣ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ መሀል ላይ ደግሞ ያስነጥሳል። ስለዚህ አጎቴ አንድ ጥቁር ሣጥን ገዝቶ መጣ። ከራውተሩ ጋር በገመድ ይያያዛል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ፎቶውን እዚያ ያስቀምጣል። "የቤቱ ካዝና ማለት ነው" አለ፣ ካዝና ኖሮን እንደሚያውቅ ሰው።

የአባባን 1,912 ፎቶ ወደ ሣጥኑ የመገልበጡ ሥራ በማን ላይ ወደቀ? በእኔ። ምክንያት፦ "ልጆች ያውቁበታል።"

ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ ብቅ አለ... "ፋይሉን ኮፒ ማድረግ አልተቻለም።" ለምን? አይናገርም። ሥሩ ግን "ዝለል" የሚል ቁልፍ አለ። ዘለልኩ። ደግሞ መጣ። ዘለልኩ። ከዚያ "ሁሉንም ዝለል" የሚል የሰነፍ አምላክ የላከው ቁልፍ አየሁ...

"አለቀ ወይ ፌንጣ?" አሉ አባባ። ፌንጣ የሚሉት እኔን ነው።

"አልቋል አባባ።"

"ሁሉም?"

"አንድም ሳይቀር።" (ይቺን ማንም አልጠየቀኝም። በነፃ ጨመርኳት።)

"እንግዲያው ኮምፒውተሩን ቅዳሜ አጎትሽ ይውሰደውና ውስጡን አጥፍቶ ለሱቁ ያድርገው።"

ሣጥኑን ከፍቼ ቆጠርኩ። 641። የቀረው 1,271።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ለአጎቴ ብቻ፣ በምስጢር ነገርኩት። ስልክ ጠጋኝ ነው። ከኋላው "ፕሮፌሰር" ነው የምንለው።

"አጥፍተሽ አብሪው።"

አጥፍቼ አበራሁ። ያው።

"ገመዱን ንቀይና አፉ ላይ ንፊበት።"

"ጋሼ፣ ሾርባ ነው እንዴ?"

ነፋሁበት። ያው። ቀጥሎ "ገመዱ ነው፣ ድሮም ጠርጥሬው ነበር" ብሎ ሌላ ገመድ ከሱቁ አመጣ። ያው። ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን ቀየረው። አሁን ፎቶዎቹ ብቻ ሳይሆኑ እኛም መግባት አልቻልንም... የቀየረውን እስኪያስታውስ አንድ ሰዓት ፈጀ። የገዛ ስሙ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሣጥኑ እንደ ካውያ ይፋጃል። ለምን? እማዬ ዳንቴል አልብሳዋለች። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ እኔም ዝም ብዬ ብቀመጥ አይቀርልኝም።

"እማዬ፣ መተንፈሻው ታፈነ እኮ።"

"እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን ይየው?"

"በቃ! ሙቀት ነው" አለ ፕሮፌሰሩ በስልክ። ገፈፍኩት፣ እስኪበርድ ጠበቅሁ፣ እንደገና ሞከርኩ። የወደቁት ስንት? 1,271። አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልጨመረ። ሙቀት ቢሆን እንደ ዕጣ አንዴ ይሄን አንዴ ያን አይጥልም ነበር? ሁልጊዜ እነዚያኑ የሚጥል ከሆነ... ጥፋቱ የሣጥኑ ሳይሆን የእነሱ ነው ማለት ነው።

ወደ ሳሎን ስመለስ ዳንቴሉ ተመልሷል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ተገኘ። ያለ ፕሮፌሰር፣ ያለ እፍታ።

ያለፉትንና የወደቁትን ጎን ለጎን ደረደርኩ። ያለፉት፦ "ግቢው"። "አዲሱ በር"። "ልደት"። የወደቁት ግን... አባባ ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ አራት ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ፎቶ አይሰይሙም፤ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። አንዱን እነሆ፣ ከራሴ ምንም ሳልጨምር፦

"በእህቴ ልጅ ሠርግ ዕለት ሙሽራው አዲሱ ጫማ ስለጠበበው በአንድ እግሩ ቆሞ ሳለ፤ በስተግራ ያለሁት እኔ ስሆን በስተቀኝ ያለውና ኬክ የያዘው ሰው ግን በማን በኩል እንደተጠራ እስከዛሬ አልተጣራም"

ይሄ የአንድ ፎቶ ስም ነው።

ከጫፉ አንድ አንድ ፊደል እየቆረጥኩ ሞከርኩት። ወደ ሰማንያ ፊደል ሲወርድ ሣጥኑ ዋጥ አደረገው። ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ፦ ሣጥኑ ለስም የሰጠው ቦታ የተወሰነ ነው፣ የእኛ አንድ ፊደል ደግሞ የሦስት ላቲን ፊደል ቦታ ይይዛል። ኮምፒውተሩ ፊደል ስለሚቆጥር ይችለዋል። ሣጥኑ ቦታ ስለሚቆጥር አይችለውም። የአባባን ወግ ለመስማት ትዕግሥት ያጣ የመጀመሪያው ማሽን... አይ፣ ሰውስ መች ጨርሶ ሰምቷቸው ያውቃል?

መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ነው። ስም ማሳጠር። እራት እስኪቀርብ የመጀመሪያዎቹን አርባ ቀየርኳቸው፦ አያት1፣ አያት2፣ አያት3... ሣጥኑ ሁሉንም ዋጠ። እኔ ጎበዝ ነኝ።

አርብ፣ የካቲት 7

ጎበዝ አይደለሁም።

አርባ አንደኛው ላይ ስደርስ ፎቶውን ከፈትኩት። አንዲት ሴት በር ላይ ቆማለች። ፊቷ በሻሽ ተሸፍኗል። ምንም አይታይም። የተበላሸ ፎቶ ነው፣ ይጥፋ ልል ነበር። ከዚያ ስሙን እስከ መጨረሻው አነበብኩ፦

"ባለቤቴ ፎቶ አልነሣም ብላ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና ሳለች የተነሣ፤ ሰው ያፈረች ይመስለዋል እንጂ ከሻሹ ሥር እየሳቀች ነበር፤ የሳቋን ድምፅ ካሜራው ባይዝም እኔ ሰምቼዋለሁ"

ሴት አያቴን አላውቃቸውም። ሳልወለድ ነው የሞቱት። "አያት41" ብዬው ቢሆን ኖሮ ማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደተሸፈኑ...

ትናንት የቀየርኳቸው አርባዎቹስ? "መልስ" የሚለውን ቁልፍ ነካሁ። ኮምፒውተሩን ማታ ዘግቼው ስለነበር የሚመለስ ነገር የለም። ሳላነብ ነው የቀየርኳቸው። አንዱንም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ለአባባ ልንገራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ ሳሎን ገባሁ። አንዴ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። ሁለተኛ ጊዜ ዳንቴሉን አስተካክዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አጎቴ ትልቅ ቦርሳ ይዞ በሦስት ሰዓት መጣ። ገመዱን ሲጠቀልል...

"አባባ፣ ኮምፒውተሩ አይሄድም።"

"ለምን?"

ነገርኳቸው። "ሁሉንም ዝለል"ን፣ አርባዎቹን፣ ሁሉንም። ብዙ ጊዜ ሳወራ ያቋርጡኛል። ዛሬ አላቋረጡኝም።

"አርባ?"

"አርባ።"

"አጭር ስም ቢይዙ ምን አለበት አባዬ?" አለ አጎቴ። "ሰው ስም ያሳጥራል።"

"አንተ ልጅ፣ ረዥም ስም ያልቻለው ሣጥንህ ነው። ሰዎቹ ምን አጠፉ?" መነጽራቸውን አደረጉ። "ክፈቺው።"

አያት1። አንድ ድልድይ። ወዲያው ጀመሩ፦ "ጎርፍ ከመውሰዱ በፊት የነበረው ድልድይ፤ ፎቶው በተነሣ በሳምንቱ..." እየተከተልኩ ጻፍኩ። አያት2። አያት3። ያስታውሳሉ። አንዳንዱን እንዲያውም አስረዝመው መለሱት። እኔም መሳቅ ጀመርኩ።

አያት23። ሁለት ወጣት ወንዶች ግድግዳ ተደግፈው ይስቃሉ።

"በስተግራ ያለሁት እኔ ነኝ" አሉ።

"በስተቀኝስ?"

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ራቅ አሉ። መነጽሩን ጠረጉት።

"ጽፌው ነበር" አሉ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ከመኝታ ቤታቸው ባለ ጠንካራ ልባስ መዝገብ ይዘው መጡ። "ፎቶው ቁጥር ብቻ ይያዝ። አርእስቱ እዚህ፣ ከቁጥሩ ትይዩ ይስፈር። መጀመሪያ ትጽፊያለሽ፣ ከዚያ ትቀይሪያለሽ። ሠላሳ አራት ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስልሻል?"

"ይሄማ ዳታቤዝ ነው" አለ ፕሮፌሰሩ።

"ይሄ መዝገብ ነው። አንተ ሳትወለድ ነበር።"

አጎቴ ባዶ ቦርሳውን ይዞ ሄደ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

እስከ 588። ጣቴ ጠማማ ሆነ። እጅ ጽሑፌ "የዶሮ ጭረት" ስለተባለ ከ301 እስከ 340 እንደገና ጻፍኩ።

እሁድ፣ የካቲት 16

1,912። ሣጥኑ ውስጥ ሁሉም። እኔ ቆጠርኩ፣ አጎቴ ቆጠረ፣ አባባ መዝገቡ ግርጌ ፈረሙ። ኮምፒውተሩን አጎቴ ዛሬ ወሰደው፤ እንኳን እዚህ ሳለ አልሞተ።

23ኛው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ "በስተግራ እኔ፤ በስተቀኝ ወዳጄ፤ ስሙ በመፈለግ ላይ ነው።" ሳምንቱን ሙሉ ለድሮ ባልደረቦቻቸው ስልክ ሲደውሉ ነበር። ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ስም ነገራቸው። ነገ አራተኛው ጋ አብሬ እሄዳለሁ። ፎቶውን አትሜዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም።

ከምሳ በኋላ አባባ ወንበራቸው ላይ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። በስልኬ አነሣኋቸው። ሣጥኑ ዋጠው፦ 1913። መዝገቡን ቀስ ብዬ ከጉልበታቸው ሥር ሳብኩና በተቻለኝ መጠን በጥሩ እጅ ጽሑፍ፦

"የቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ እንቅልፍ እንደማይወዱ በምሳ ሰዓት ለተሰበሰበው ቤተሰብ በሰፊው ካብራሩ በኋላ በሩብ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የተነሣ፤ ከአገጫቸው ሥር የሚታየው ነገር የእማዬ ዳንቴል ሲሆን እዚያ ማን እንዳደረገው ምርመራው..."

"ፌንጣ።"

ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው።

"አቤት አባባ።"

"ሰዓቱን አልጻፍሽም።"