ከወለሉ ሥር የቀረው እርጥበት

ሐምሌ 12 ቀን፣ ሰሜን ካሮላይና

ወንድሜ ሃርላን፣ ባሕሩ ላይ ሥራው እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤ መጻፍ አይሆንልኝም፤ ቃሉ ይጠፋብኛል።

እማዬን በቀበርን ሰሞን አባባ እንደ አያታችን ልማድ፣ ሙቀት ሲገባ ከወለሉና ከመሬቱ መሃል ያለውን ጠባብ ቦታ የአየር መተንፈሻዎች ከፈተ። ወበቁ ገብቶ የወለሉ እንጨት ሻገተ። ኋላ ዘጋግቶ መሬቱ ላይ ፕላስቲክ አነጠፈ። አሁንም ግን በየቀኑ ወለሉ ሥር እየዳኸ ይገባል፤ ከእማዬ አልጋ ትክክል ሥር ሲደርስ እዚያው ጋደም ይላል።

ጎረቤታችን እትዬ ኦፓል፣ "ቨርነን፣ ከእንቁራሪት ጋር ጎጆ ወጣህ እንዴ?" ብትለው፣ "እነሱ ብላ ብላ አይሉኝም" አላት።

ለምሳ ስጠራው፣ "መጣሁ ልጄ፣ ትንሽ እርጥበት ቀርቷል" ይላል። እንጨቱ ግን ከደረቀ ቆይቷል።

ፈቃድ ከሰጡህ ና። እግዜር በሰላም ያገናኘን። ነገ ባትሪዬን ይዤ ተከትዬው እገባና አጠገቡ እተኛለሁ።

እህትህ ዊላ