እሜቴ ፀጥታ በቀጥታ ስርጭት

ውድ እሜቴ ፀጥታ፣

አንባቢዎቹ ከጀርባሽ ባወጡልሽ ስም ደፍሬ ስለጠራሁሽ አትቆጪኝ። ስሙን ታውቂው ነበር። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ላይ አቧራ ስታራግፊ፣ "እሜቴ ፀጥታ መጣች፣ ስልክህን ደብቅ" ሲባባሉ ሰምተሽ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ብቻሽን ስትስቂ አይቼሻለሁ።

የምጽፍልሽ ስለዚያ ስለማትወጂው ነገር ነው። አንቺ ካረፍሽ በኋላ ኃላፊያችን ለቤተ መጻሕፍቱ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ ከፈተ። "ሰው የሚውለው እዚያ ነው፤ እኛም እንሂድ፤ አለዚያ የበላዮቻችን አንባቢ የላችሁም ብለው ይዘጉናል" አለኝ። አንቺ ብትኖሪ፣ "ታዲያ ገበያ ወጥተን መጽሐፍ፣ መጽሐፍ እያልን እንጩኽ?" ትይው ነበር። እኔ ግን ለመቃወምም ለመደገፍም ወኔ አጣሁና የመጽሐፍ ሽፋን ፎቶ እያነሳሁ መለጠፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለመድኩት፤ ሰው ያችን ቀይ ልብ በላከልኝ ቁጥር ደስ ይለኝ ጀመር።

ቀጥሎ ቀጥታ ስርጭት መጣ። የቤተ መጻሕፍቱን ስልክ መስኮቱ ሥር፣ እኔና አንቺ በምንቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ እናቆመዋለን። የንባብ ክፍሉን ዝምታ እናስተላልፋለን። ቤቱ ሆኖ የሚያጠና ሰው ከፍቶ አብሮን ያነባል። "ደግሞ ዝምታን ማን ያያል?" አልኩት ኃላፊውን። ጉድ እኮ ነው፣ ሰው አየው።

አንድ ጠዋት መጽሐፍ የምገፋበት ጋሪ መደርደሪያውን ገጨብኝና ያ ሁሉ መጽሐፍ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። በኋላ ከስርጭቱ ሥር የተጻፈውን ሳነብ አንዱ፣ "እሽሽ ያለችው ሴትዮ ማን ናት? በሳቅ ገደለችኝ" ይላል። ሌላዋ፣ "ቤቴ ቁጭ ብዬ እኔ ራሴ ደነገጥኩ" ብላለች። ክው አልኩ። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ በሥራ ዘመኔ ማንንም እሽሽ ብዬ አላውቅም። እሱ ያንቺ ሥራ ነበር።

በማግስቱ የራሴንም ስልክ ይዤ ገባሁ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስርጭቱን ከፈትኩ። ስርጭቱ ትንሽ ዘግየት ስለሚል፣ አሁን የሆነው ነገር ጥቂት ቆይቶ ነው የሚሰማው። ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ሆን ብዬ ወለሉ ላይ ጣልኩት። ክፍሉ ጭር አለ። ከዚያ በማዳመጫው መዝገበ ቃላቱ ሲወድቅ ሰማሁ። ተከትላ አንዲት አጭር "እሽ" መጣች፤ ከኋላዋ ረጅሟ "እሽሽሽ"፤ መጨረሻዋ ላይ ከጥርስሽ ፍንጭት ሾልካ የምትወጣው ቀጭን ፉጨት። ወንበርሽን ዞር ብዬ አየሁት። ባዶ ነው።

መፍራቴን አልደብቅሽም። ከፍርሃቱ ግን ቅናቱ ባሰብኝ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን፣ የማያውቁሽ ሰዎች ቤታቸው ሆነው ሲሰሙሽ እኔ አጠገብሽ ሆኜ ያለ ስልክ የማልሰማሽ ለምንድን ነው? ከዚያ ወዲያ ወንበር እየጎተትኩ፣ መሳቢያ በኃይል እየዘጋሁ፣ አንቺን ለመስማት ስል ክፍሉን ስበጠብጥ መዋል ሆነ ሥራዬ። ተመልካቹ በዛ። ክፍሉ ግን ሰው አልባ ሆነ፤ ቤቱ ሆኖ ማንበብ የቻለ ሰው ለምን ብሎ ይምጣ?

ትናንት ኃላፊው ደስ ብሎት መጣ። "ክፍሉን ለቢሮ ፈልገውታል፤ ምን ቸገረን? የአንዱን ቀን ዝምታ ቀድተን ደጋግመን እንለቃለን። ሰው ልዩነቱን አያውቅም" አለኝ።

"እሷስ?" አልኩት ሳላስበው።

"እሷ ማን?"

"ምንም" አልኩ።

ስልኩን ካጠፋሁት አልሰማሽም፤ ካላጠፋሁት ክፍልሽን ይወስዱታል። ትንሽ አልቅሼ ወደ ስልኩ ዞርኩና፣ "ይህ ስርጭት ዛሬ ያበቃል። እሽሽ የምትለዋን መስማት የሚፈልግ ነገ በአካል ይምጣ" አልኩ። ድምፄ በማዳመጫው ዘግይቶ ሲደርሰኝ፣ በመሀሉ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ልክ አጠገቤ። እሽሽ ግን አላልሽኝም። አስጨረስሽኝ፤ ከዚያ ስልኩን አጠፋሁት።

ዛሬ መጡልሽ። ወንበር አልበቃ ብሎ የመስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጡም አሉ። ኃላፊው በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ስለ ቢሮውም ትንፍሽ አላለም። ማንም ሳይከለክላቸው ያንቺን ወንበር ብቻ ባዶ ተዉት። ከሰዓት በኋላ የአንዱ ስልክ ጮኸ።

"እሽ።" ከዚያ "እሽሽሽ።" ፉጨቷም አልቀረችም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ ብላ፣ "ለካ እርስዎ ነዎት" አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁላት። ልናገርም ብል አልችልም ነበር፤ ስልኩ ከመጮኹ በፊት ከብርጭቆዬ የተጎነጨሁት ውኃ ገና አፌ ውስጥ ነው።

ነገም በሩን እከፍታለሁ፤ ስልኩን ግን አልከፍትም። ደህና እደሪልኝ።

እሽሽ ብላ የማታውቀው ባልደረባሽ