ከባንዱ የወጣሁበት ምክንያት

ይድረስ ለእህቴ ለእታለም ያለምወርቅ፤
አርባ ምንጭ

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የደም ግፊት መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ እየዋጥሽ ነው ወይስ ዛሬም «ተሻለኝ» እያልሽ ትተዪዋለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ሙቀቱስ? እዚያ አገር ይህን ሁሉ ዓመት ኖረሽም ሙቀቱን አልለመድሁትም እንደምትዪ ልጅሽ ባምላክ ነግሮኛል። እኔ እዚህ በዳንግላ ብርድ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሳስበው፣ እግዜር ለሁለታችን እኩል ቢያካፍለን ምን ነበረበት እላለሁ። የእናታችን አምላክ ደጅሽን ይጠብቅልሽ፤ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ።

እኛን ብትዪ፣ ባለቤቴ እመቤት ደህና ናት። ዘንድሮ ድንቹ ደህና ምርት ሰጥቶናል፤ ላሚቱም ወልዳለች። እኔም በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፤ እበላለሁ። ከዚህ አልፌ «ደህና ነኝ» ብልሽ ግን አንቺን መዋሸት ይሆንብኛል።

በስልክ ለምን አልነገርኸኝም ትዪኝ ይሆናል። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ምክንያቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ባለፈው ደውለሽ «ባንዱ እንዴት ነው?» ስትዪኝ «ተመስገን» ብዬ ወሬ የቀየርሁብሽ ድምፄ እንዳይሰበርብኝ ፈርቼ ነው። ወረቀት ሲሆን ጽፌ አርፌ፣ ደግሞ ልጽፍ እችላለሁ። ጎረቤታችን ኢስማኤል፣ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ከዚያ በፖስታ ይልክልኛል።

እታለም፣ ከባንዱ ወጥቻለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቼ መውለቃቸውን ታውቂያለሽ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሌሎች ሁለት ተከተሉ። ለሌላ ሰው ጥርስ ቆሎ መቆርጠሚያ ነው። ሳክስፎን ለሚነፋ ሰው ግን አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ከላይ አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ከንፈር ብቻውን አይችልም፤ ትንፋሹ በጎን ያመልጣል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባሁ። ለመብላት ይሆናል፤ ለመሳቅም ይሆናል። ስነፋበት ግን ይንሸራተታል። ለማንም ሳልናገር ቤት ዘግቼ ተለማመድሁ። እመቤት ጓሮ ወጥታ ትቀመጥ ነበር፤ እንዳላፍር ብላ መሆኑ አሁን ነው የገባኝ።

በዚያው ዓመት ሥራውም ደረቀ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሰዉ ሠርጉን በጓዳ ሲያደርግ፣ ባንዱ ተበታትኖ ከረመ። ጊታር የሚመታው ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ ቀረ። ከቀድሞዎቹ የቀረነው እኔና አስማረ ነን። አስማረን ታስታውሺዋለሽ፤ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት የአውራጃው ኪነት ቡድን ውስጥ አብረን የገባን፣ ከበሮ መቺው። ያን ጊዜ የሁለታችንንም ቀይ ሸሚዝ በከሰል ካውያ የተኮስሽልን አንቺ ነሽ። ዛሬ ባንዱን የሚመራው ደጉ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጣቱ ፈጣን ነበር፤ ቅኝት ግን አያውቅም። አምባሰሉንም ባቲውንም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እየነፋሁ በጆሮው አስገባሁለት። የት ላይ ትንፋሽ እንደምወስድ፣ የት ላይ ድምፁን እንደማንቀጠቅጥ ሳይቀር ያዘው። ጥሩ ልጅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ በኋላ እንዳትፈርጂበት ነው።

ባለፈው ግንቦት መንገዱ ትንሽ ሲከፈት ቻግኒ ለአንድ የእህል ነጋዴ ሠርግ ተጠራን። እታለም፣ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። የቆላው ሙቀት ከንፈሬን አፍታቶልኝ ይሁን ምን ይሁን፣ ከስፒከሩ የሚወጣው ሳክስፎን እንደ ሠላሳ ዓመቴ ጥርት ያለ ሆነ። ሰዉ አበደ። የሙሽራው አጎቶች ከነሳክስፎኔ በትከሻቸው ተሸክመው ዳሱን አዞሩኝ። አንድ አዛውንት መጥተው «እድሜ ይስጥህ፣ የዱሮውን አስታወስኸኝ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ቤት ስገባ እመቤትን «ጥርሱን ለመድሁት፤ ተመለስሁ» አልኋት። እሷም «እሰይ» አለችኝ፤ ፊቷን ግን ወደ ምድጃው አዞረች። ከዚያ በኋላ በተጠራንበት ሁሉ እንደዚያው ነበር። ጥርሴ እየተንሸራተተ፣ ትንፋሼ እያመለጠ፣ ድምፁ ግን ያምር ነበር። እንዴት ሆኖ እንደሆነ አልጠየቅሁም። የሰጠኝን አምላክ አመሰገንሁ እንጂ ሰው ደስታውን ይመረምራል?

ዘንድሮ ጥር ላይ ጥሊሊ ተጠራን። ሁሉም ሳይመሽ ቤቱ መግባት ስላለበት ሠርጉ ቀን በቀን ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ ገቡ፤ እኔም ተነሥቼ ነፋሁ። ሰዉ ከመቀመጫው ተነሥቶ እስክስታውን ይዟል። ዜማው መካከል ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ።

ኪቦርዱ ዝም አለ። ጊታሩ ዝም አለ፤ ዘፋኟም ዝም አለች። ሳክስፎን መብራት አይፈልግም። እኔን ደስ አለኝ፣ እታለም። ይህ የእኔ ሰዓት ነው ብዬ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ወጣሁና በኃይል ነፋሁ።

የወጣው ድምፅ የማን እንደሆነ አላወቅሁትም። ያፏጫል፣ ይቆረጣል፣ ከዚያ ታንቆ እንደሚጮህ ፍየል ይሆናል። ጆሮዬን አላምንም ብዬ ደግሜ ነፋሁ፤ ባሰ። ሲጨፍሩ የነበሩት ቆመው ያዩኛል። የማላውቃት አንዲት ሴት «ምነው፣ ይህ ሰውዬ አመመው እንዴ?» ስትል ሰማሁ። አስማረ የባንዱን ድራም ትቶ፣ ከአንዲት ልጃገረድ እጅ ከበሮ ነጥቆ መምታት ጀመረ፤ ሴቶቹ ተቀበሉት፤ ጭብጨባው ሸፈነኝ። እኔም ወደ ኋላ ተመልሼ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሳክስፎኑን ጭኔ ላይ አስተኛሁት።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራቱ መጣ። ደጉ ወደ እኔ ሳያይ፣ እንደ ልማዱ ዜማውን ካቆመበት ቀጠለ። ያን ጊዜ ከስፒከሩ ሳክስፎን ወጣ።

እኔ ተቀምጫለሁ። ሳክስፎኑ ጭኔ ላይ ነው። ጥርት ያለው የቻግኒው ድምፅ ግን ከነትንፋሽ አወሳሰዴ፣ ከነማንቀጥቀጤ ከደጉ ጣት ሥር ይወጣል። ደጉ ዘግይቶ ነቃ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ወዲያው ወደ ሌላ ድምፅ ቀየረው። ሰዉ ምንም አላስተዋለም። ጭፈራው ቀጠለ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ጎማ ተነፈሰበት። ሁሉም ወረደ። ደጉን ለብቻው ወደ ዳር ወሰድሁትና ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ማይክዎን ከዘጋሁት ቆይቷል። የሚወጣው ድምፅ ሰው የሚያስጨፍር አልሆነም። ይቅሩ ለማለት ደግሞ አፍ አልነበረኝም፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። እኔም አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሁት። «ቻግኒም?» አልሁት። ከኋላዬ አስማረ መጥቶ ቆሞ ኖሮ «ቻግኒም» አለኝ።

በደጉ አልተቀየምሁም። አርባ አምስት ዓመት አንድ ምንጣፍ ላይ አብሬው የተኛሁት የአስማረ ነገር ግን አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ። «በትከሻ ሲሸከሙኝ አንተም ስታጨበጭብ አይቼሃለሁ» ስለው «ስትስቅ አየሁህ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። እስከ ዳንግላ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ደረስሁ። ቤት ገብቼ ለእመቤት ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም፤ እጇም አላቆመም። ያን ጊዜ እሷም ታውቅ እንደነበር ገባኝ። የአስማረ ሚስት ነግራታለች። «ሌላ ጊዜ ከሥራ ስትመለስ ተክዘህ ትገባ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ እየሳቅህ መግባት ጀመርህ። ያን ሳቅ በየትኛው አፌ ልቀማህ?» አለችኝ። ምን ይባላል? እሷም ምስሯን ለቅማ ጨረሰች።

በሳምንቱ ደጉ ቤት ድረስ መጣ። እንድመለስ ለመነኝ። «ቢነፉም ባይነፉም ግድ የለም፤ እርስዎ ከነሳክስፎንዎ መድረክ ላይ መቆምዎ ራሱ ለባንዱ ክብር ነው» አለ። እኔም «የማሽላ ማሳ ማስፈራሪያ ልታደርገኝ ነው?» አልሁት። ክፉ ቃል ነበር። ልጁ ዓይኑ እንባ አቅርሮ የቀረበለትን ጠላ ሳይቀምስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። አስማረም ሁለት ጊዜ መጥቶ በር አንኳኳ፤ እመቤትን ተኝቷል በይው አልኋት።

አሁን የምውለው ኢስማኤል ሱቅ ደጃፍ ነው። ጨርቅ ሲለካ አያለሁ። የሚያልፈው ሰው «ዘንድሮ ሠርግ የለም እንዴ?» ይለኛል፤ «ጾሙ ደረሰ እኮ» እላለሁ። የሠርግ መኪና ጥሩምባ ስሰማ ተነሥቼ ወደ ውስጥ እገባለሁ። መንፋት አለመቻሌን ሰው ሆኜ ልችለው እችል ነበር፤ እርጅና ነው፣ በሬም ቀንበር የሚፈታበት ቀን አለው። ያልቻልሁት ሌላውን ነው። ቻግኒ የእኔ ካልነበረ፣ ከዚያ በፊት ያሉትስ? ሌሊት ነቅቼ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ያ ጭብጨባ ለእኔ ነበር ወይስ አዝነውልኝ? ያ ሰው የሳመኝ ዜማውን ወዶ ነው ወይስ ሽበቴን አይቶ? ገና ጥርሴ ሙሉ ሳለ የተጫወትሁትን እንኳ ማመን አቃተኝ። ያለፈውን ዕድሜዬን መልሰው የወሰዱብኝ ይመስለኛል፤ የወሰዱት ደግሞ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው፤ ማንን ልክሰስ?

አንድ ነገር ላስፈቅድሽ። ኪነቱ ፈርሶ ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ ይህን ሳክስፎን እንድገዛ ጊደርሽን ሸጠሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ሳልጠይቅሽ አላደርገውም። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ያለው ሰው ሊገዛው ይፈልጋል። ሊያስነፋው አይደለም፤ የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው። መጀመሪያ ስሰማ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ቤቴ ውስጥ ሣጥኑን ባየሁ ቁጥር ተነሥቼ ከቤት እወጣለሁ። ስትጽፊልኝ «አይዞህ፣ ገና ትነፋለህ» አትበዪኝ፤ እሱን ከሁሉም ሰምቻለሁ። ሽጠው ወይም አትሽጠው ብቻ በዪኝ።

ለዳግም ትንሣኤ ልጅሽን ሀይማኖትን ስለምትድሪበት ሠርግ የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። አጎቷ እየነፋ ያስገባት ማለትሽ አስለቀሰኝ። «መንገድ ተዘጋ» ብዬ ልቀርብሽ አስቤ ነበር፤ ዘንድሮ ሰው የሚያምነው ምክንያት ነውና። አልሆነልኝም። መንገዱ ከፈቀደ እመጣለሁ፤ ባዶ እጄን ግን። ከአጎቶቿ ጋር ቆሜ አጨበጭባለሁ። ከእንግዶችሽ አንዱ «ያ ሳክስፎን የሚነፋው ወንድምሽ የታለ?» ያለሽ እንደሆነ ግን፣ እታለም፣ አደራሽን፣ እኔን እንዳታሳዪው።

ለሀይማኖት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትዳሯን የአብርሃም የሣራ ያድርግላት። ባምላክን በርታ በዪልኝ፤ አባቱን የሚመስል ሰው ይሁን። ለእጮኛዋ ቤተሰቦች ሳላውቃቸው አክብሮቴ ይድረሳቸው። ያቺ አጠገብሽ የምትኖረው ጎረቤትሽም ባለፈው በስልክ ስለመረቀችኝ እግዜር ይስጥልኝ። እመቤት ጉልበትሽን በቅቤ እሺ ትልሻለች፤ ጠርሙስ ቅቤ ለኢስማኤል ሰጥታዋለች፣ የሚያደርስ ሰው ካገኘ ይልክልሻል። 

ወንድምሽ ይኸነው
ዳንግላ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.