በጀልባ ላይ የቆመ ሽማግሌ

ምሥራቅ ጀርመን፣ ሰኔ 1978

ወንድሜ ተረፈ፣

ልጅህ ባፈና ድሮ ከሰል ይመላለስበት በነበረ ቦይ ላይ በጀልባ እያንሸራሸረኝ ነው። ከሆሳዕና አንጋጫ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመናል፤ ትዕግሥቴ አለቀ። ሽማግሌ አድርገህ ልከኸኛልና የእጮኛውን የእታለምን ነገር ሳይቆርጥልኝ አልቀመጥም፣ እህልም አልቀምስም አልኩ። ነጂው ጀልባው ሊያስመልሰኝ መስሎት ባልዲ አቀረበልኝ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ! ድልድዩ ይመታዎታል!» አለ ባፈና።

«መጀመሪያ መልሴን!»

ድልድዩ አናቴ ላይ ሲደርስ፣ «እዚህ አግብቻለሁ» አለኝ።

ተቀመጥኩ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ ጠበበኝ። እናቱን ጣቢታን አጽናናት፤ ልጆቹን ሳምልኝ። እኔ እስክመለስ አትጠብቅ፤ እታለም ዘመዶቿን ለሠርግ ሳትጠራ ዛሬውኑ አንጋጫ ሂድና ንገራት።

ብዙነህ