የሐሙስ ባሌ

ውድ የሐሙስ ባሌ፣

ሰኞ ሊቀብሩህ ነው። አንተን ማለቴ አይደለም፣ በሐሙሱ ድራማችን የምትሆነውን ጋሽ ይደርሳልን ነው፤ ግን ሰው ሁለታችሁን ለይቶ ስለማያውቅ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ደራሲያችን ክፍሉን ጽፎ ጨርሷል፣ ሰኞ ይቀረጻል። ለሥራ በሄድክበት አገር ልብህ ቀጥ ትላለች፣ እኔ በስልክ ይነገረኛል፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ልመለስ ብትል እንኳ ድራማው ውስጥ የምትገባበት ቤት የለህም። ፕሮዲውሰሩ "ያንቺ ባል ነው፣ አንቺ እሺ ካላልሽ አልነካውም" ብሎ እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ሰጥቶኛል። እኔ ደግሞ መልሴን እንደማሰብ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቁጭ ብዬ በስክሪፕቱ ጀርባ ላንተ እጽፋለሁ። ስደውልልህ አታነሳማ፣ ምን ላድርግ?

ዘጠኝ ዓመት ባልና ሚስት ሆነን ሠራን። አንድ ቀን የሳጥንህን ቁልፍ ለጥበቃው ሰጥተህ ውልቅ። እኔን "ደህና ሁኚ" ለማለት እንኳ ብቅ አላልክም። ፕሮዲውሰሩ ያኔውኑ በመኪና አደጋ ሊገድልህ ነበር፤ እግሩ ላይ ወድቄ ያስተረፍኩህ እኔ ነኝ። "ሩቅ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ እንበል፣ እኔ በየሳምንቱ በስልክ አወራዋለሁ፣ ልቡ ሲመለስለት ይመጣል" አልኩ። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሽቦው የትም ያልተሰካ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እስቃለሁ፣ እቆጣለሁ፣ "ካልሲህን ቀይር እንጂ የኔ ጌታ" እላለሁ። የምትመልሰውንም እኔው በሆዴ እፈጥራለሁ። ካልፈጠርኩማ መቼ ዝም ልበል፣ መቼ ልናገር? ዳይሬክተሩ "ከነበረበት ጊዜ ይልቅ አሁን ያስቃል" ይላል። ደስ ይበልህ።

መንገድ መሄድ አቅቶኛል። ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ ባልሽ ግን መቼ ነው የሚመጣው? እንዲህ ጥሎሽ ይቀራል?" አሉኝ። እውነተኛው ባሌ የሳል ሽሮፔን ይዞ አጠገቤ ቆሟል እኮ። "እኔስ ማን ነኝ እማማ?" ቢላቸው ከእግር እስከ ራሱ ገላምጠውት ዞር አሉ። እሱ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ይስቃል። ግን ጋራዥ አብረውት የሚሠሩት መካኒኮች "ውሽማው" የሚል ስም እንዳወጡለት ከሰማ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ቴሌቪዥን መክፈት ትቷል።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ "ለምን ወጣ?" የሚሉት ነገር ነው። አንዱ ጠግቦ ነው ይላል፣ አንዱ ከዳይሬክተሩ ተጣልቶ፣ ሌላው ታሞ። እየወጡ የቀሩትን ተዋንያን እየቆጠሩ ይነግሩኛል፤ አንዷ ሱቅ ከፈተች፣ አንዱ የሠርግ መድረክ መሪ ሆነ፣ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። እኔም ሲሰለቸኝ "ጠግቦ ነው" ያልኩበት ቀን አለ፣ አልዋሽህም። አንዲት ቃል ነግረኸኝ ቢሆን አፋቸውን አስይዛቸው ነበር። አንተ ግን የነገርከው ለሜካፕ ሠራተኛዋ ነው። እሷም ሁለት ዓመት አፍና ይዛ፣ ልትቀበር መሆኑን ስትሰማ ትናንት ፊቴን እየቀባች አወጣችው።

"እናቱ የተቀበሩ ቀን ነው የቆረጠለት" አለችኝ። "አስከሬኑን የያዘው መኪና ዘግይቶ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። እሱ ሰዓቱን አየት አደረገ። ከኋላ አንዱ 'ይደርሳል' አለ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ሳቀ። አክስቱ ሳይቀሩ።"

"ታዲያ ለእኔ ምነው አልነገረኝ?"

"አንቺማ የነገሩ ባለቤት ነሽ" አለችኝ፣ "ጠያቂዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

እውነቷን ነው። አንተ ሰዓትህን ታያለህ፣ እኔ "ደረሰ?" እላለሁ፣ አንተ "ይደርሳል" ትላለህ፣ ድምፅ ባለሙያው የሳቁን ቁልፍ ይጫናል። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ። እኔ ያን ቀን ወገቤ አላንቀሳቅስ ብሎኝ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። በማግስቱ ስመጣ እጄን ይዘህ ዝም አልክ። ያን ጊዜ ብትናገር ምን ነበረበት? ሚስትህ አይደለሁም፣ ግን ባዳም አይደለሁም።

አሁን የእኔን ስማ።

ከእኛ ከወጣህ በኋላ የሠራኸው ፊልም መጀመሪያ የታየ ቀን ካንተ ኋላ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። እንዳታየኝ በሻርፕ ተሸፋፍኜ ነው የገባሁት፤ አኩርፌሃለሁና። የታመመች ልጅህን አቅፈህ አምቡላንስ የምትጠብቅበት ቦታ ላይ እንባዬ መጣ፣ በእውነት። ከዚያ ሰዓትህን አየህ። አፌ አመለጠኝ። "ደረሰ?" አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ ግን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበርና ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ "ይደርሳል" ብሎ መለሰ። አንተ እዚያ ላይ ልጅህን ይዘህ ታለቅሳለህ፣ ሰው እዚህ በሳቅ ይንፈራፈራል። ተነስተህ ስትወጣ አጠገቤ ነው ያለፍከው። የሆነ ባለጌ ነው ብለህ ይሆናል። እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አልቅስ ብሎ የጠራህ የለም። አሁን በሬዲዮ ማስታወቂያ "ሶፋዎ በሰዓቱ ይደርሳል" ስትል እሰማሃለሁ። ስሰማህ ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ።

ቦታህን የጠበቅኩልህ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ ወንበሩ ይኑር፣ ኮቱ ይኑር እያልኩ። ለካ ጋሽ ይደርሳልን በስልክ እያናገርኩ በየሳምንቱ በሕይወት የማቆየው እኔው ነኝ፤ እሱ እስካለ ድረስ አንተ ብታለቅስ ማን ያምንሃል? አንተም አትናገር፣ እኔም አልጠይቅ፤ ሁለት ዓመት እንደ ቂል ላልተሰካ ስልክ አወራሁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት እሺ እላለሁ። ደራሲውን ግን ልጨቀጭቀው ነው፤ ቀልድ የሚባል አንድ እንዳይገባበት። ድምፅ ባለሙያውም እጁን ከቁልፉ ላይ ያነሳል፣ ተነጋግረናል። ስልኩን ዘግቼ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ፣ ማንም ምንም አይልም። ቀረጻው ላይ እንዳትመጣ። ከመጣህ ይስቃሉ። ሐሙስ ሲታይ ቤትህ ሆነህ እየው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ስላንተ ያልቅስ።

ማክሰኞ ግን ደውልልኝ። ቁጥሬ ያው ነው፤ ይኼኛው ስልክ ተሰክቷል፣ የምትለውንም እኔ አልፈጥርልህም።

እስከ ሰኞ ሚስትህ፣
ከዚያ ወዲያ ጓደኛህ