ትንፍሽ ያላለች መኪና

ውድ ሳሙና፣

«ውድ ሳሙና» ብዬ ስጀምር የሱቅ ዋጋ የማማርር መሰለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቅህ በዚህ ስም ነው። የሳሙና ውሃ የሞላ ጠርሙስህን ከእጅህ ሳትለይ፣ አየር የሚያስወጣ ነገር ባየህ ቁጥር ካልረጨሁ የምትል ሰው ነህ። ቤት ውስጥ የጋዝ ምድጃዬን ስትረጭ ስንቴ ተጣልተናል። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። የምጽፍልህ ተናድጄ ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው ብታውቀው ይሻላል። እስር ቤት ልጠይቅህ በመጣሁ ቁጥር በሽቦው ማዶ ሆነህ «ልጅቷ እንዴት ናት? ትበላለች? ታጠናለች?» እያልክ አፌን ስለምትዘጋው በወረቀት መጣሁብህ። ወረቀትን እንግዲህ አታቋርጠውም።

ያቺ ጥቁር መኪና ግቢያችን የገባችበት ቀን አሁንም ፊቴ ላይ ነው። ባለቤቷ፣ ያ ሥራ ተቋራጭ፣ «ማታ ቀጥ አድርጌ አቆማታለሁ፣ ጠዋት በቀኝ በኩል ተንበርክካ አገኛታለሁ» አለህ። ሌሎች ጋራዦች አየር የሚሞላውን ኮምፕረሰር ደጋግመው ቀይረውለት ሁሉም ተቃጥሎበታል። አንተ ቦኔቷ ላይ እጅህን አሳርፈህ «ኮምፕረሰሩ አልታመመም፣ ደክሞት ነው። እሷ የምታስወጣውን አየር ሲሞላ ሲሞላ ነው የሚሞተው» አልከው። እንዲህ ያሉ የባለጸጋ መኪኖች በብረት ሞላ ፈንታ አየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ እንደሚቆሙ እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት።

በክሪክ አንስተህ፣ ጎማዋ ተንጠልጥሎ፣ ቱቦውንም መጋጠሚያውንም በሳሙና አዳረስከው። አንድም አረፋ የለም። ጎረቤታችን ጎሚስታው ጎማ መጠገኑን ትቶ መጥቶ «ይልቅ ሳሙናህን ለቱታህ አድርገው» ብሎ ቀለደብህ። አንተ ግን መሬት አስረገጥካት፤ ክብደቷ ከረጢቱ ላይ ሲያርፍ እንደገና ረጨህ። ያኔ ከእጥፋቱ መሀል ነጭ አረፋ ችፍ ችፍ አለ። «ተንጠልጥላ አትናገርም፤ ሸክሙ ሲሰማት ነው የምትናገረው» ብለህ አሮጌውን ከረጢት አውጥተህ አዲስ ገጠምክላት።

በማግስቱ እኔ ልጃችንን ከትምህርት ቤት ላመጣ ወጣሁ። አንተ ከስሯ ያለውን ፕላስቲክ የሚይዙ ማያያዣዎች ልትገዛ ሄድክ። ጎሚስታው ሊያግዝህ ብሎ ከፊት ጎማዋ ኋላ ተንጋሎ ከስሯ ገብቶ ነበር። ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። መኪናዋ ሆዷ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ወርዳለች። ክሪክ አስገብተው አነሷት። እሷ ተነሳች፤ እሱ አልተነሳም።

ለፖሊስም ለዳኛም ያልከው አንድ ነው። «ጥገናውን አልጨረስኩም፣ ከረጢቱ ገና ይተነፍስ ነበር። የብረት መደገፊያም አላስገባሁም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።» ጎሚስታው መኪናዋ ቀስ በቀስ ስትወርድበት ለምን አልወጣም ሲባል፣ ልብሱ ተይዞበት ይሆናል ተባለ። መደገፊያዎቹም ግድግዳው ጥግ ተደርድረው ስለተገኙ ተፈረደብህና ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔ ግን ሆዴ እሺ አላለኝም። አንተ ከመኪና ስር የወደቀ ብሎን ለማንሳት እንኳ መደገፊያ ሳታስገባ እጅህን የማትሰድ ፈሪ ነህ። ፈሪ ስልህ እወድሃለሁ ማለቴ ነው።

ከፍርዱ በኋላ ፖሊስ መኪናዋን ለቀቃት። ተቋራጩ ሊነካት አልፈለገም፤ «የሚተነፍሰውን ጠግናችሁ ለገዢ አዘጋጁልኝ» አለ። ማን ይጠግን? ወንድሜ ቄንጠኛው መኪና ከማጠብና ከማንቀሳቀስ ሌላ አያውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ወደሷ ፊቱን እንኳ አያዞርም። ስለዚህ ቱታህን እግሩን አጥፌ ለበስኩት፣ ጠርሙስህንም አነሳሁ። አየር ሞልቼ በጎማዋ አቆምኳት፤ መደገፊያዎቹን ከስሯ አስገባሁ። ከጎማዋ አናት እስከ ጭቃ መከላከያዋ በሜትር ለክቼ ወደ ቤት ገባሁ። ጠዋት ተንበርክካ እንደማገኛት አልተጠራጠርኩም። ቀጥ ብላ ቆማለች። ብለካት ያው ነው። ሌላም ቀን፣ ሌላም ቀን ጠበቅኋት። እጥፋቱን፣ ቫልቮቹን፣ መጋጠሚያውን ረጨሁ፤ ሳሙናው ዝም ብሎ ወረደ። መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። «እሰይ የባሌ እጅ!» ብዬ ከረጢቱን ዳበስኩት። እጄ እዚያው እንዳለ ነገሩ ገባኝና ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ከረጢቱ ደህና ከሆነ መኪናዋ በራሷ አልወረደችም ማለት ነው። ሰው ሳያመልጥ እንዲያ ባንዴ የምትወርደው አንድ ሰው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ዝቅ የምታደርጋትን ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነው። በጥሩ ሥራህ ነው የተያዝከው፣ ሳሙና። ሥራህ የዝርክርክ ሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ ውሸትህ እድሜ ልክ ባልታወቀ።

ቄንጠኛውን ግቢው ውስጥ መኪና ሲያጥብ አገኘሁት። ቧንቧውን ዘጋሁበት።

«መደገፊያዎቹን ማን አወጣቸው?»

«የምን መደገፊያ?»

«እኔን እያየህ መልስልኝ!»

ጨርቁን ሲጨምቅ ቆየ። ውሃው ካለቀም በኋላ ይጨምቀው ነበር።

«ከስሯ ሰው ያለ አልመሰለኝም፣ እቴ። ምሳ ሊበላ የሄደ ነው የመሰለኝ። መደገፊያዎቹን ሳላጎነብስ በእግሬ ስቤ አወጣኋቸው፤ እግሩን አላየሁትም። መኪናዋ ዝቅ ስትል ነው የምታምረው፤ ዝቅ አድርጌ አንዲት ፎቶ ልነሳ ብዬ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ባልሽ ደረሰ። ከወንበሩ ጎትቶ አወጣኝ። ‹አንተ እዚህ አልነበርክም፣ ሂድ› አለኝ።»

«አንተስ?»

«ሄድኩ።»

ሄድኩ አለኝ፤ ዳቦ ሊገዛ የሄደ ይመስል። ልመታው እጄን አንስቼ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን የታመመ ሰው ፊት ነው፤ እንቅልፍ ከተኛ ስንት ጊዜው እንደሆነ እንጃ። እጄን መለስኩት። ለዚህም በራሴ ተናድጃለሁ።

ለእማዬ የነገርኳት አብራኝ ታለቅሳለች ብዬ ነው። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ማጣጠፏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ባልሽ የታሰረ ዕለት ጣቢያ ሄጄ ጉልበቱን ይዤ ለመንኩት። ‹ልጄን መሸፈን ጀምረኸዋል፣ ጨርሰው› አልኩት። ወልደሽ የለ፣ ይገባሻል።»

«ወልጃለሁ እማዬ። የወለድኳት ናት አባቷን በሽቦ ማዶ የምታየው!»

«እሱ ይችለዋል። የኔው ልጅ አይችለውም።»

ዘመዶቼ ሁሉ «ለዚህ ዘይት ለጠጣ መካኒክ ነው የምንድራት?» ሲሉ አንተን ብላ የተሟገተችልህ እሷ መሆኗን አልረሳሁም። ውለታዋን መመለስህ ነው፣ ገብቶኛል። ግን ውለታ የምትከፍለው በኔ ኑሮ ነው፣ በልጅህ ልጅነት ነው። ማን ፈቀደልህ? አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እምቢ እንደምል ስለምታውቅ ነው ያልጠየቅኸኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያን ሽቦ ይዤ ሳለቅስ እያየህ አንዲት ቃል ከአፍህ አልወጣም። ታምሜያለሁ ሳሙና፤ በአንተ ንዴት ታምሜያለሁ።

እንደዚያም ሆኖ ምናልባት ዝም እል ነበር። ወንድሜ ነው፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ነው። ዝምታውን የከለከለችኝ የጎሚስታው ሚስት ናት። መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን የምታዞር ሴት ባለፈው ራሷ መጥታ በራችን ላይ ቆመች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለችኝ። «ባልሽ ለዳኛው ቀስ እያለች ነው የወረደችበት ብሏል። ልብሱ ተይዞ ስትወርድበት ምን ያህል ቆየ? ሲጣራ ማንም አልሰማውም? እኔ ከአጥሩ ማዶ ነበርኩ እኮ፤ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ጠርቶኝ ይሆን?»

ታየዋለህ ያደረግኸውን? አንተ ወንድሜን ለማዳን ብለህ አየር የሚያስወጣ ከረጢት ፈጠርክ። እሷ ደግሞ በፈጠርከው ከረጢት ልክ ባሏን በሐሳቧ በየቀኑ ቀስ አድርጋ ትገድለዋለች። አጠገቧ ሆኖ እየጠራት፣ እሷም ሳትሰማው።

ነገርኳት። እዚያው በሩ ላይ፣ ሁሉንም። ባንዴ እንደወረደችበት፣ ለመጥራት ጊዜ እንዳልነበረው፣ ቁልፉን የተጫነው ማን እንደሆነ። ጮኸች፣ መሬት ላይ ወደቀች፣ ስትነሳ እጄን ይዛ ነበር። አመሰገነችኝ ብዬ አልዋሽህም። «አልጠራኝም» ብቻ አለች። ይህንኑ ደጋግማ እያለች ሄደች።

እማዬ በበነጋው ልብሷን ጠቅልላ ከቤት ወጣች። «ከዛሬ ጀምሮ ሴት ልጅ የለኝም» አለችኝ። ልሸኛት ብል ከለከለችኝ። ቄንጠኛውን በራስህ እግር ሄደህ ተናገር ብዬዋለሁ፤ አሁን ስልኬንም አያነሳም። መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች፤ የቀጠርኩልህ ጠበቃ ባለሙያ ይዞ መጥቶ ከረጢቱን አስመርምሯል፤ ያገኙት እኔ ያገኘሁትን ነው።

ሰኞ ጠበቃው ያስገባው ይግባኝህ ይሰማል። እኔ ቆሜ ያየሁትንም የሰማሁትንም እናገራለሁ። አንተ ደግሞ «ሚስቴ እኔን ለማስፈታት ነው የምትዋሸው» ልትል እንደምትችል አውቅሃለሁ። በል። አላቋርጥህም፣ አልቆጣህም፣ ከዚያም በኋላ ልጠይቅህ መምጣቴን አልተውም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። የጎሚስታው ሚስት ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። አንተ ስትናገር ዳኛውን አትይ፣ እኔንም አትይ። እሷን ዓይን ዓይኗን እያየህ «ቀስ እያለች ነው የወረደችበት» በላት።

ሚስትህ፣
የቄንጠኛውም እህት